የአሥራ አራተኛው ፎቅ ሰውዬና የእኛ ግድግዳ

«ምንም አልረበሸኝም አልኩህ እኮ!» አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ።

ጎረቤቴ ክዌንቲን ደጃፌ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ካርቶን ቸኮሌት ይዟል፣ በሌላው ያን ረጅም ጸጉሩን ከዓይኑ ላይ ይገፋል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ይገባኛል፣ ሚስስ ክሌግ። በጣም ነው የሚገባኝ። ሁለተኛ አይደገምም።»

«እንዲደገም እኮ ነው ያንኳኳሁት!»

«እርስዎ ጨዋ ስለሆኑ ነው እንደዚህ የሚሉት» አለና ቸኮሌቱን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ሌባ ኮቴውን እያጠፋ ወደ ቤቱ ገባ። ቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በእኔ በርና በእሱ በር መካከል ከአንድ የወተት ጠርሙስ በላይ አይቆምም።

ነገሩ የመጣው ከካውያዬ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የባሌን የሆራስን ሸሚዞች እየተኮስኩ ከክዌንቲን ቤት ኦርጋኑ ተነሳ። እንደ ሌላው ጊዜ የሚያጓራ አልነበረም። ቀስ ብሎ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ፣ ከፍ፣ አሁንም ከፍ እያለ የሚሄድ ነገር ነበር። ካውያዬ ሳላዝዘው አብሮት ይሄድ ጀመር፤ የሸሚዙን እጅጌ ጨርሼ ኮሌታው ላይ ስደርስ ኦርጋኑም ጫፍ ሊደርስ ሆነ፤ እዚያ ላይ ቀጥ! ተወው። አናደደኝ። የልብስ ብሩሹን አነሳሁና በእጀታው ግድግዳውን ደበደብኩት። «ድገሙት» ማለቴ ነበር። ግድግዳ ግን ማብራሪያ አያስተላልፍም። በሰፈራችን ግድግዳ ከተመታ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ዝም በሉ።

ሲመጣና ይቅርታ ሲለምነኝ ምንም እንዳልረበሸኝ ብነግረው ጊዜ ባሰው። እውነቱን ለመናገር እሱ ላይ አልፈርድም። በእኛ አገር ሰው «ምንም አልረበሸኝም» ካለህ አቃጥሎታል ማለት ነው። «ግድ የለም» ካለህ እስኪሞት አይረሳልህም። «በጣም ደስ ይላል፣ አንድ ቀን በደንብ እሰማዋለሁ» ካለህማ ዕቃህን ሰብስበህ ሂድ። ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠጣነው። ስለዚህ እኔ በማልሁ ቁጥር እሱ ይበልጥ ይፈራል።

እነክዌንቲን ወደ መንገዳችን የገቡት በፈረንጆች 1972 መጨረሻ፣ ገና ሊደርስ ሲል ነው። ሦስት ናቸው። ክዌንቲን ኦርጋን ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ያስባል። ጋሬዝ ድራም ይመታል፣ ይበላል። ፒርስ የሚባለው ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ሌላ ነገር ሲያደርግ ያየው፣ ሲናገርም የሰማው የለም። አንድ ጊዜ «እናመሰግናለን» ብሎኛል ብላ በወዲያ በኩል ያለችው ጎረቤታቸው ሚስስ ሰግደን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ ያመናት ሰው ግን አልተገኘም።

የሚሠሩት የሙዚቃ ሸክላ ነው። እንደ ድሮው አንዱ ዘፈን ስለ ፍቅር፣ ሌላው ስለ ባሕር የሆነበት ዓይነት አይደለም። ሙሉው አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ ነው። ጸጉራቸውን ያሳደጉት ልጆች ያኔ ሁሉም እንደዚህ ነበር የሚሠሩት፤ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ነው አለኝ ክዌንቲን። አንዱ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ድንች ልጠህ፣ ቀቅለህ፣ በልተህ ትነሳለህ።

ታሪኩን የነገረኝ በጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነው። ጓሮዎቻችንን የሚለየው አጭር ግንብ ላይ ክንዱን አስደግፎ፣

«ሰውዬው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው» አለኝ። «ቀኑን በመስታወት ሕንጻ ውስጥ ቁጥር ሲደምር ይውላል። ስሙን የሚያውቅ የለም። በሩን የሚያንኳኳ የለም። የሚያናግረው ሊፍቱን ብቻ ነው።»

«ሊፍቱስ ይመልስለታል?»

«ሦስተኛው ክፍል ላይ።»

«አንተ አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«በሐሳብ» አለ ቆፍጠን ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘመናዊ ሰው ብቻውን ነው፣ ሚስስ ክሌግ። ጎን ለጎን እንኖራለን እንጂ አንተዋወቅም። አንዳችን ለአንዳችን...»

«ክዌንቲን!» አለች ሚስስ ሰግደን ከወዲያኛው ግንብ ላይ ብቅ ብላ። «ካልሲህን ሰፍቼልሃለሁ። ፓንትህን ግን ጣለው፤ ወንፊት ነው የሆነው።»

ክዌንቲን ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ብቸኝነት የጀመረውን ሳይጨርስ ካልሲውን ሊቀበል ሄደ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በእኔ ብሩሽ የተደናገጠው። በማግስቱ ግድግዳው ጸጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ክዌንቲን በየቤቱ እየዞረ የእንቁላል ካርቶን ሲለምን ታየ። ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ድምፅ ያፍናል ተብሎ ነው። እኛ መንገድ ላይ ደግሞ በር አንኳኩቶ ካርቶን ብቻ ይዞ የሚመለስ የለም። አንዷ ለሻይ አስቀመጠችው፣ አንዷ የባሏን ጉልበት ሕመም ነገረችው፣ የጥግ ቤቱ ሽማግሌ እርግቦቹን በስም በስማቸው አስተዋወቀው። የካርቶን ክምር ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በላዩ ላይ የሩባርብ ኬክ አስቀምጦ ሲመለስ አየሁት። ቀኑ ሳይመሽ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በስሙ ይጠራው ጀመር። እሱ ግን ወደ ቤቱ ገብቶ ስሙን ማንም ስለማያውቀው ሰውዬ መጻፉን ቀጠለ።

ካርቶኑ ከተለጠፈ በኋላ የምንሰማው ነገር ሙዚቃ መሆኑ ቀረ። ኦርጋኑ ያንሾካሽካል። ድራሙ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። (በኋላ እንደተረዳሁት እውነትም ካልሲ አጥልቆ ነበር፤ ያው ሚስስ ሰግደን የሰፋችውን።)

ሐሙስ ዕለት ጋሬዝ ወደ ኩሽናዬ መጣ። የመጣው ስኳር ሊበደር ነው፤ ግን የድንችና የሥጋ ፓይ ከምድጃ ሳወጣ ስለደረሰ ስኳሩ ተረሳ። የሆራስ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆራስ ከጋዝ ፋብሪካው ገና መመለሱ ነበር፤ ወንበሩን አየ፣ ጋሬዝን አየ፣ ከዚያ ቆሞ ሻዩን መጠጣት ጀመረ።

«አለቀልን፣ ሚስስ ክሌግ» አለ ጋሬዝ አፉ ሞልቶ። «ቅዳሜ የሸክላ ኩባንያው ሰውዬ ከለንደን ይመጣል። ሙሉውን ካልሰማሁ አልፈርምም ብሏል። ክዌንቲን ደግሞ መጨረሻውን ማግኘት አቅቶታል።»

«አንድ ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይሆናል?»

«አባቱ እስከ ፋሲካ ነው የታገሡት። እስከ ፋሲካ ውል ካልተፈረመ ክዌንቲን ወደ ደቡብ ተመልሶ አባቱ ሱቅ ምንጣፍ ሊሸጥ ነው። ቃሉን ሰጥቷል።» ፓዩን እንደገና ቆረሰ። «ክዌንቲን ምንጣፍ ሲሸጥ ይታይዎታል? ለደንበኛው ስለ ምንጣፉ ብቸኝነት ነው የሚነግረው።»

«ባለፈው ማክሰኞ የተጫወተውስ? ያ ከፍ፣ ከፍ የሚለው?»

«እሱ እኮ ነበር መጨረሻው! ሰውዬው በደረጃ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ነው። ግን ግድግዳው ከተመታ ወዲህ ክዌንቲን እጁ ተሳሰረ። ሚስስ ክሌግ ራሳቸውን አሟቸው ይሆናል እያለ ቁልፎቹን እንደ ትኩስ ድንች ነው የሚነካቸው።»

አንድ ጊዜ ብሩሽ አንስቼ የሰው ልጅ ወደ ምንጣፍ ልልክ ነው ማለት ነው።

ጋሬዝ ስኳሩን ረስቶ ሲሄድ ወደ ሆራስ ዞርኩ። «ምን ባደርግ ይሻላል? ደስ ብሎኛል ብለው አያምንም። ማልኩለት፣ አያምንም። ቸኮሌት ጭምር አመጣልኝ።»

ሆራስ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሆራስ ዝም ሲል እያሰበ ይሁን እያረፈ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አልለየሁም።

«ስደቢው» አለ።

«ምን?»

«እኔን ስትወጂኝ ምን ትዪኛለሽ?»

አሰብኩ። «የማትረባ።»

«ስትናደጂብኝስ?»

«... እሺ ሆራስ፣ እንደፈቀድክ።»

«በቃ» አለና ጋዜጣውን ዘረጋ።

እውነቱን ነው። በእኛ ሰፈር ጨዋ ቃል የሚሰጠው ለባዕድ፣ ለግብር ሰብሳቢና ለተቀያየምነው ሰው ነው። የወደድነውን እንሰድበዋለን። ክዌንቲን የደቡብ ልጅ ቢሆንም ሦስት ወር ኖሮብናል፤ ይህን ያህል ገብቶት ይሆናል ብዬ አርብ ጠዋት ጓሮ ወጣሁና ግንቡን ተደግፌ ጮህኩ።

«አንተ ጸጉራም! ና ውጣ!»

ክዌንቲን በፒጃማ ወጣ። ገና ሲያየኝ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ።

«ዝም በል! ለመሆኑ ምንድነው እዚያ ውስጥ የምታደርጉት? አይጥ ነው የምታስታምሙት? ያ ኦርጋን ታመመ ወይስ ሞተ? ድመቴ እንኳ ታዝናለች! ደረጃ እወጣለሁ ብለህ ጀምረህ መሐል ላይ ጥለኸኝ ሄድክ፤ ሸሚዝ ተቃጠለብኝ! ዛሬ ያንን ነገር እስከ ጫፉ ካላደረስክልኝ፣ እዚያ እንቁላል ማስፈልፈያህ ውስጥ ገብቼ በጸጉርህ እጎትትሃለሁ! ሰነፍ!»

ክዌንቲን አየኝ። ቀስ እያለ ፊቱ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ጥርሱ።

«ወደዱት?» አለ።

«ማን ወደደው አለህ? ሂድ ሥራህን ሥራ!»

ዘሎ ገባ። ወዲያው ከወዲያኛው ቤት የእንቁላል ካርቶን ሲቀደድ ተሰማ። ከዚያ ድራሙ ካልሲውን አወለቀ። ከዚያ ኦርጋኑ እንዴት ብሎ እንደተነሳ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የንግሥቲቱ ፎቶ ያለበት ሳህኔ ከመደርደሪያው ወርዶ ተሰበረ፤ እኔም ሳልሰበስበው ቆሜ ሰማሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ክዌንቲን ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ እየዞረ ሰፈሩን ለመነ፤ ማንም እንዳይመጣ። «ስለ ብቸኝነት የሚናገር ሥራ ነው። ሰውዬው ሲገባ ኩሽናው ውስጥ ዐሥር ሰው ኬክ እየበላ ካገኘ ያበቃልናል» አለ። ተስማማን። በየቤታችን ሆነን ልንሰማ ነው። ግድግዳው እንደሆነ የጋራ ነው፤ እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኛ ቤት «ይማርህ» እንላለን።

ሚስተር ፌርበርን፣ የኩባንያው ሰውዬ፣ ሰማያዊ የከፋይ ኮት ለብሶ ከታክሲ ወረደ። በየመስኮቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አላየም፤ ወይም ለደንቡ እንዳላየ ሆነ። ገባ። እኔ የሻይ ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሆራስ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ጀመሩ። መጀመሪያ ሰውዬው ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው፤ የሰዓት ድምፅ አለው። ከዚያ የመስታወቱ ሕንጻ። ከዚያ ሊፍቱ ዘፈነ።

«ሊፍቱ ከሰውዬው የተሻለ ድምፅ አለው» አለ ሆራስ።

«ዝም በል።»

ከዚያ ያ ጨለማ ክፍል መጣ፤ ሰውዬው ልደቱን ብቻውን የሚያከብርበት። ክዌንቲን ሲዘፍን ምን ልበላችሁ፣ ይህ ሰው አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም ብዬ መናገሬን ተውኩት። ዓይኔን በመጎናጸፊያዬ ጠረግሁ። በመጨረሻም ደረጃው ጀመረ። ከፍ አለ። ከፍ። ክንዴ ሳላዝዘው እንደ ካውያ መሄድ ያዘ። ከፍ፣ አሁንም ከፍ፣ ጫፉ ላይ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው...

ቀጥ!

ኦርጋን የለም። ቤዝ የለም። ምንም።

«ፈራ» አልኩ። «ሆራስ፣ ልጁ ፈራ! ሰውዬው ዓይኑን አፍጥጦበት ፈራ!»

የሆነው ሌላ ነው። ያ ቤት መብራቱ የሚሠራው ሳንቲም በሚበላ ቆጣሪ ነው፤ ሳንቲሙ ሲያልቅ መብራቱም ይጠፋል። ለቆጣሪው የተቀመጠውን ሳንቲም ጋሬዝ አርብ ማታ በጥብስ ዓሣ ጨርሶታል። ይህን ግን በዚያች ደቂቃ አላወቅሁም። የማውቀው አንድ ልጅ ጫፍ ላይ ቆሞ ከኋላው ምንጣፍ እንደሚጎትተው ብቻ ነው። የልብስ ብሩሹን አነሳሁ።

አሁን ግን እንደ ማክሰኞው አልደበደብኩም። ካውያው ሲሄድ እንደነበረው፣ በደረጃው አካሄድ መታሁ። ዱም፣ ዱም ዱም፣ ዱም። ቀጥል፤ አለሁ፤ ቀጥል።

ከኋላዬ ብረት ሲያቃጭል ሰማሁ። ሆራስ ነው፣ የከሰል መቆስቆሻውን ይዞ። በሠርጋችን ቀን እንኳ እግሬን እየረገጠ የጨፈረ ሰው፣ ያን ዕለት አንዲትም ምት አልሳተም። ወዲያው ከክዌንቲን ቤት ማዶ፣ ከሚስስ ሰግደን ግድግዳ፣ ሌላ ዱም ዱም መጣ። መጥበሻ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ካለው ቤትም መጣ። ከዚያም ቀጥሎ። መንገዳችን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ትልቅ ልብ ሲመታ ተሰማ።

ድራም መብራት አይፈልግም። ጋሬዝ ገባ። እኛን ከሥር ተቀብሎ አነሳን። የሆነ ሰው፣ ፒርስ ነው ይላሉ፣ ከሚስተር ፌርበርን ኪስ ሳንቲም ወስዶ ቆጣሪው ውስጥ ጣለ፤ ኦርጋኑም ሕይወት ዘርቶ ያችን የቀረችውን አንዲት እርምጃ ተራመዳት። እኔ ጮህኩ። ሆራስ ጮኸ። የጥግ ቤቱ ሽማግሌ እርግቦች ሁሉ ተነሥተው በረሩ።

ከዚያ ዘፈኑ አለቀ። ሁላችንም ምን እንዳደረግን ገባን። ማንም ሰው የማያንኳኳለትን ሰውዬ፣ አሥራ ሁለት ቤት አንኳኳለት።

በሬ ተንኳኳ። ክዌንቲን ነው፤ ፊቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ቲማቲም ሆኗል። ከኋላው ሚስተር ፌርበርን ቆሟል።

«የግድግዳው ድምፅ» አለ ሚስተር ፌርበርን መነጽሩን እየጠረገ፣ «የማን ሐሳብ ነው?»

ክዌንቲን እኔን አየኝ። እኔ በዓይኔ «ያንተ ነው በል፣ ደደብ» አልኩት። እሱ ግን እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለም።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጌታዬ» አለ። «መብራት ጠፋብን። ያንኳኩት እነሱ ናቸው። በሥራው ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም ሐሳቡን ያበላሸዋል፤ ሰውዬው እስከ መጨረሻው ብቻውን መሆን ነበረበት።»

ምንጣፉ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ታየኝ።

ሚስተር ፌርበርን መነጽሩን አጠለቀ። «ስማ» አለው። «እዚያ አሥራ አራተኛ ፎቅ አውጥተህ ጥለኸኝ በመስኮቱ ልዘል ምንም አልቀረኝም ነበር። ድንገት ሰው አንኳኳ። ለሃያ ዓመት ሸክላ ስሰማ ከወንበሬ ተነሥቼ አላውቅም፤ ዛሬ ተነሣሁ። ግድግዳው ካልገባ አልፈርምም።»

«ብቸኝነቱስ?» አለ ክዌንቲን ደካማ በሆነ ድምፅ።

«የሸክላው አንደኛ ገጽ ላይ ብቻውን ይሁን። ይበቃዋል።»

ክዌንቲን አንድ ጊዜ ወደ እሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየና ወገቤን ይዞ ከመሬት አነሳኝ። «አውርደኝ፣ አንተ የማትረባ!» አልኩት፤ ይህን ሲሰማ ጭራሽ አሽከረከረኝ።

ከዚያ ማን በሩን እንደከፈተ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ ኬክና ፓይ ተሸክሞ ኩሽናዬ ውስጥ ገባ። ሚስስ ሰግደን መጥበሻዋን አልለቀቀችም፤ እጀታው መጥመሙን እያሳየች ኩባንያው ይተካልኛል ወይ ትላለች። ፒርስ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ፤ ሚስስ ሰግደን «ሰማችሁ? ሰማችሁ?» ብላ ጮኸች፤ ነገር ግን በጫጫታው መሐል ከእሷ በቀር የሰማ አልነበረም።

ሚስተር ፌርበርን ሻይ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። «እኔ ለንደን አንድ ሕንጻ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ» አለኝ። «የጎረቤቴን ስም አላውቅም።»

«የእንቁላል ካርቶን ጠይቀው አያውቁም?» አለችው ሚስስ ሰግደን፤ ከልቧ አዝናለት ነው።

ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ አሰብ አደረገ። ክዌንቲን ምንጊዜም ሰው ሲያስብ ካየ ደስ ስለሚለው ቶሎ ብሎ ቀረበና ስለ ዘመናዊው ሰው ማስረዳት ጀመረ። ሚስተር ፌርበርን እያዳመጠው ዓይኑ ሆራስ ላይ አረፈ። ሆራስ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ተለጥፎ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ጋሬዝ ተቀምጧል፤ የወንበሩ እጀታ ላይ ሚስስ ሰግደን ተቀምጣለች። የእሱን ፓይ የጥግ ቤቱ ሽማግሌ እየበላው ነው። በእሱና በጓሮው በር መካከል ስምንት ሰውና አንዲት እርግብ አሉ።

«ሚስተር ክሌግ» አለው ሚስተር ፌርበርን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እርስዎስ? ይህ ሥራ የሚናገርለት ብቸኝነት ይሰማዎታል?»

ሆራስ ወንበሩን አየ። ፓዩን አየ። እርግቧን አየ።

«እስካሁን ተራው አልደረሰኝም» አለ።